አርባኛዋ ጥይት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2014

ይህ ደብተር የባዮሎጂ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች ስለ ሴል ናቸው፤ ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው። እማዬ ብታገኘው አራቱን ገጾች አይታ ትዘጋዋለች። ለትምህርት ትልቅ አክብሮት አላት፤ ግን ከሩቅ ነው።

ጦርነቱ ከሰሜን ወደ አዲስ አበባ እየቀረበ ነው ይባላል፤ ዛሬ በቴሌቪዥን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተነበበ። አባዬ ድምጹን ጨመረ፣ እማዬ ቀነሰች፣ አባዬ መልሶ ጨመረ። በእጁ የጦር መሣሪያ ያለው ሰው ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ ያስመዝግብ ሲባል ሦስታችንም ቀስ ብለን ወደ ሳሎኑ በር ዞርን።

በሩን ክፍት አድርጋ የያዘችው ጥይቷ ናት። ጥይት ስል የኪስ አይደለችም፣ የመድፍ ናት። ቁመቷ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፤ ወገቧ ነሐስ፣ አናቷ የሾለ ጥቁር ብረት። እማዬ ለበዓል በሎሚና በአመድ ትወለውላታለች። የክርስትናዬ ፎቶ ላይም አለች። እንዲያውም ከእኔ አምራ ወጥታለች።

ባለቤቷ አያቴ አባባ መዝገቡ ናቸው። ዘጠና ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እሳቸው ዘጠና ሁለት ይላሉ፣ ለማን እንደሚደብቁ እንጃ። በሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ጣልያን ገና ሳይወጣ፣ ባሮ ወንዝ ላይ ከሱዳን የመጣች፣ በእንፋሎት የምትሄድ የእንግሊዝ የጦር ጀልባ ነበረች። አባባ ከጎሬ ቡና ተሸክመው ወርደው እዚያው እሳት አንዳጅ ሆነው ተቀጠሩ። የጀልባዋ የፈረንጅ ስም ምላሳቸው ላይ አልገባ ስላላቸው «ጥሩብርሃን» አሏት። ሴት አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጥሩብርሃን ጀልባ መሆኗን ሳያምኑ አርባ ዓመት ቀንተው ሞቱ።

ታሪኩን ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። አርባ ጥይት ጭነው ወጡ፣ ከጣልያን ምሽግ ጋር ተታኮሱ፣ አርባውንም ተኩሰው ጨርሰው በክብር ተመለሱ። ይቺ ባዶዋ ለመታሰቢያ የመጣች ናት።

«ይቺም መሣሪያ ትባላለች እንዴ?» አለች እማዬ።

አባባ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንዳልተኙ አውቄያለሁ። ሲተኙ ያንኮራፋሉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 24

ጋሽ ሰይፈሥላሴ መጡ። የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፣ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፣ ከትናንት ጀምሮ ደግሞ የሰፈሩ ጥበቃ አዛዥ ሆነዋል። የሚያብለጨልጭ ሰደርያ ለብሰዋል፤ ከቦርጫቸው በላይ አልቆለፍ ብሏል። እኔን ሲያዩ «ሬዲዮ፣ ደህና ነሽ?» አሉኝ። አምና የውሃ ቦቴ መጣ ብዬ መንገዱን በሙሉ ጄሪካን አሰልፌ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስሜ ይኸው ነው።

ሳቄ አልመጣም። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመው ነበር። አንደኛው ግቢያችንን ሲያይ የሆነ ነገር እንደጠፋበት ሰው ነው የሚያየው።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ጥይቷን በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጓት። የተተኮሰች ከሆነች አናቷ ለምን አብሯት አለ ብለው ጠየቁ። በሕይወቴ ሙሉ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። አባዬ ወደ አባባ አየ፤ አባባ ጆሯቸውን በእጃቸው ደገፉ፣ አልሰሙም መሰል። እነዚያ ጆሮዎች ኩሽና ውስጥ የማር ክዳን ሲከፈት ይሰማሉ።

ፖሊሱ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። የእማዬ እጅ ቀሚሷን ይዞ ሲጠመዝዝ አየሁ።

«ባዶ ናት፤ አናቷን ለውበት መልሰው ገጥመውላት ነው» አልኩ። «ልጅ ሆኜ ብዮቼን የምደብቀው እሷ ውስጥ ነበር።»

ፖሊሱ ፈገግ አለ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ «ባዶ የመድፍ ቀለህ፣ ለጌጥ» ብለው ጻፉ። አባዬ ፈረመ። ሲወጡ ሁላችንም ተነፈስን። አባዬ ራሴን ዳበሰኝና «ብዮቹን እንኳ አላውቅም ነበር» አለኝ።

እኔም አላውቅም ነበር። ብይ ኖሮኝ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 25

በጥድፊያ ስለምጽፍ ጽሑፌ የአባዬን መስሏል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አባባ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ጠሩኝ። ብዮቼን የት እንደደበቅሁ ጠየቁኝ። እየሳቅሁ ጥይቷ ውስጥ አልኳቸው። እንዴት እንደከፈትኳት ጠየቁኝ። ሳቄን አቆምኩ።

«አባባ፣ ባዶ አይደለችም እንዴ?»

«ሙሉ ናት» አሉኝ፣ ስለ ጄሪካን የሚያወሩ ይመስል።

ከዚያ ውሃ አምጪልኝ አሉ። አመጣሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ለአባዬ ልንገረው ወይ አልኳቸው። «ፈርሟል» አሉ። ሰው ሁሉ በትንሽ ነገር እየተያዘ ነው። የመድፍ ጥይት ደብቆ በአዋጅ ጊዜ «ባዶ ነው» ብሎ የፈረመ ነጋዴ ምን እንደሚባል ማሰብ አልፈልግም።

ከጥይቷ እስከ ትራሴ አራት እርምጃ ነው። ዛሬ ነው የለካሁት። በሕይወቴ ያደረግኋትን ሁሉ አስቤ ጨረስኩ፦ ፈረስ አድርጌ ጋልቤባታለሁ። በደረጃው አንከባልያታለሁ። በአናቷ ለውዝ ሰብሬያለሁ፤ አንድ ኪሎ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 27

በችኮላ። ከቤቴል ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሴትዮዎች። አንዷ ሃያ አምስት ኪሎ ዱቄት አቅፋለች። «እዚህስ አይደርሱም» አለች። ሌላዋ «እዚያም አይደርሱም ተብሎ ነበር» አለች። ረዳቱ ሂሳብ መጠየቁን ረሳ። ረዳት ሂሳብ ሲረሳ አይቼ አላውቅም። ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 1

ጥይቷን ፎጣ አልብሻታለሁ። እማዬ «ብርድ መታት?» አለችኝ። ጠዋት ጠዋት በሩን ስትከፍት በእግሯ ነው ገፋ የምታደርጋት። ገፋ ባደረገቻት ቁጥር ጆሮዬን እይዛለሁ። ለአባዬ ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ከሱቅ ደክሞት መጣ። ነገ።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ሰፈር የሚጠብቁ ወጣቶች ሰብስበዋል። አደጋ ሲመጣ የሚደወል የመኪና ቸርኬ ማዕዘኑ ላይ ሰቅለው ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ተሰረቀ። የሰፈር ጥበቃ ደወሉን ተሰረቀ። ይህን ለጓደኛዬ ለዮርዲ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ምንም አልፈራሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 3

ወስደዋታል።

ትምህርት ቤት እያለሁ ጋሽ ሰይፈሥላሴ መጥተው እማዬን «ያቺን ባዶ ቀለህ ለደወል ስጪን» አሏት። ሰጠቻቸው፤ መርቃ። እኔ ስመጣ የሳሎኑ በር በንፋስ ተላተመ። ሲላተም ነው ያወቅሁት።

ሮጥኩ። ከወይዘሮ ብርቱካን ኪዮስክ ፊት ለፊት፣ ምሰሶው ላይ፣ በሽቦ ወገቧን ታስራ ተሰቅላለች። ሥሯ የፌሮ ብረት ተቀምጧል፤ መምቻ መሆኑ ነው። ወይዘሮ ብርቱካን ድምጿ እንደ ቤተክርስቲያን ደወል ነው አሉኝ። ሦስቴ ሞክረዋት ነበር።

ሦስቴ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ብርቱካን ፊትሽ ለምን ነጣ ብለው ለስላሳ ከፈቱልኝ። ጠጣሁ። አልተናገርኩም። መናገር ነበረብኝ፤ አፌ ውስጥ ነበር፤ ለስላሳው ይዞት ወረደ።

አባዬ ፈርሟል።

ሰኞ፣ ኅዳር 6

አባባ ጉድ ሠሩ። ቅዳሜ ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ለበሱ፣ ዱላቸውን ያዙ፣ ወንበራቸውን እኔ ተሸክሜ ምሰሶው ሥር አስቀመጥኩላቸው። ለጋሽ ሰይፈሥላሴ ይቺ የጦር ዕቃ ናት፣ ለሌባና ለውሻ አትደወልም፣ ጠላት ሲመጣ ብቻ ነው፣ እስከዚያ እኔ እጠብቃታለሁ አሏቸው። ጋሽ ሰይፈሥላሴ እግራቸውን ገጥመው ሰላምታ ሰጡ። ሰደርያቸው ያኔ ተቀደደ።

ይኸው ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ፌሮዋን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ልጆች አብረዋቸው ፎቶ ይነሳሉ። ወጣቶቹ በፊሽካ እየተጠራሩ ነው። የዘጠና ስምንት ዓመት ሰው መንገድ ዳር ተቀምጦ ሰፈሩን በሙሉ ከሞት እየጠበቀ ነው፤ ሰፈሩ ደግሞ ጀግናው ጣልያንን ትዝ ብሏቸው ነው ይላል።

ብርዱ ግን። ከንፈራቸው ወደ ሰማያዊ ሄዷል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ዛሬ የሰማሁትን ሳልረሳው ልጻፍ።

ከትምህርት ቤት በኋላ አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። አርባውም ከተተኮሱ ይቺ ከየት መጣች ብዬ ጠየቅኋቸው። ማንም በሌለበት የጠየቅኋቸው ዛሬ ነው። ለእኔ ሳይሆን ለአስፋልቱ ነገሩት፤ እኔን አንድ ጊዜም አላዩኝም።

ያን ቀን ዝናብ ነበር። ጣልያን ከፍታው ላይ ምሽግ አለው። የጎሬ አርበኞች ማዶ ሣር ውስጥ ተኝተዋል፤ ጥሩብርሃን አርባ ጥይት ስትተኩስላቸው ሊሻገሩ ነው። ወንዙ ሞልቷል፣ እሳቱ ይጮሃል፣ የጀልባዋ ብረት በጥይት ይንጣጣል። ጥይት አቀባዩ እጁን ተመታ። መድፈኛው ጀላል የሚባል ሱዳናዊ ነው። ወደ ታች ጮኾ አባባን ጠራቸው፤ አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው። ጥይቶቹን ከታች አንስተው፣ በተከፈተው የእሳት በር አጠገብ አልፈው፣ ወደ ላይ ማቀበል ያዙ። እንደ ሕፃን አቅፈው። ከቀሩት ዘጠኝ ስምንቱን አቀበሉ። የመጨረሻዋን ሲያነሱ የእንፋሎቱ ቧንቧ ተበሳ። ክፍሉ በሙሉ ነጭ ሆነ። ከእሳቱ ብልጭታ ወጥቶ ጋቢያቸው ላይ አረፈ።

«እግሬ እንቢ አለኝ» አሉ።

እንጨት ክምሩ ውስጥ ከተቷት። ፈልጥ ደረደሩባት። ባዶ እጃቸውን ወደ ላይ ወጡ። ጀላል ወደ እጃቸው አየ። «አለቀ?» አላቸው። «አለቀ» አሉት።

ጀልባዋ ዞረች። የጀልባዋ ሰው ሁሉ ያን ቀን ራቱን በላ፤ አንድ የጎደለ የለም። ስትዞር ግን ማዶ ሣሩ ውስጥ አንድ ሰው ተነስቶ ነጠላ ሲያውለበልብ አይተዋል። አንድ ብቻ ቀርታለች ብሎ ይሆናል፤ ቆጥሮ ይሆናል። እስከ ወንዙ እጥፋት ድረስ ሲያውለበልብ ነበር።

ከዚያስ ብዬ ጠየቅኋቸው። ከዚያ አላውቅም አሉ።

ጎሬ አልተመለሱም። ጥይቷን በቡና ጆንያ ጠቅልለው ወጡ። ብጥላት ሰው ያገኛታል፣ ለመንግሥት ብሰጣት ከየት አመጣህ እባላለሁ አሉ። አዲስ አበባ ገቡ፣ ሱቅ ከፈቱ፣ አገቡ፣ አባዬን ወለዱ። እኛ ኮልፌ የተገኘነው ለንግድ መስሎኝ ነበር።

በር ላይ ያኖሯት ማንም የበር ማቆሚያ ስለማይጠረጥር ነው። የአርባውን ወሬ ግን እሳቸው አልጀመሩትም፤ አንድ ሰው የእድር ስብሰባ ላይ ተናገረው፣ ሰው አጨበጨበ፣ ዝም አሉ። ዝም ካሉ ሃምሳ ዓመት አለፈ።

«አንቺም ብይ አልነበረሽም» አሉኝ ከዚያ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

አባባ ከሐሙስ ጀምረው ተኝተዋል። ደረታቸው ይጮሃል። እማዬ ቤቴል ክሊኒክ ወሰደቻቸው፤ መርፌ ታዘዘላቸው፣ ከአልጋ እንዳይወርዱ ተባለ።

ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ቆሻሻ ይቃጠላል። ሰፈራችን በየዓመቱ የሚያቃጥለው የት ነው? ማዕዘኑ ላይ። ምሰሶው ሥር። ረስቼው ነበር፤ እንዴት ነው ይህን የምረሳው? ከሰዓት በኋላ ስወጣ ክምሩ ወገቤ ደርሷል፤ ሁለት ጎማ፣ የወይዘሮ ብርቱካን የተቀደደ ፍራሽ፣ ካርቶን፣ የሸንኮራ ገለባ። እሷ ከላዩ ተንጠልጥላለች።

ጋሽ ሰይፈሥላሴን ዘንድሮ ሌላ ቦታ ይሁን አልኳቸው። ሌላ ቦታ የት ነው፣ አባቶቻችን በሽታውን ያባረሩት እዚህ ነው አሉ። አባቶቻቸው ደብረ ማርቆስ ነበሩ። የመብራት ሽቦው ይቃጠላል አልኳቸው። ሽቦው ሩቅ ነው አሉ። ደወሏስ ትጠቁራለች አልኳቸው። እናትሽ በሎሚ ትወለውላታለች አሉ።

ቤት ገባሁ። አባዬ ዜና ያያል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ምነው?» አለኝ። ምንም አልኩት። አሁንም ወደ በሩ ሄጄ ተመልሻለሁ። ሦስቴ። እግሬ እንቢ አለኝ።

እሁድ፣ ኅዳር 12

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። አባባ ክፍል ገብቼ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ብቻ ከፈቱ። መልስ ሳልጠብቅ ወጣሁ።

ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። ጭሱ ከየአቅጣጫው ይነሳል፤ ፀሐይዋ ብጫ ሆናለች። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ላምባ እያርከፈከፉ ነበር።

«እሳቱን አያንድዱ፤ ጥይቷ ባዶ አይደለችም» አልኳቸው።

«ሬዲዮናችን ተከፈተች» አሉ። ሰው ሳቀ። ወይዘሮ ብርቱካን አምና ስድስት ጄሪካን ይዘው እስከ ምሳ የቆሙ ሴት ናቸው፤ «ዛሬ ደግሞ ቦቴው ቤንዚን ነው የጫነው?» አሉኝ። ማልኩላቸው። ሚካኤልን ብዬ ማልኩ። ባሰባቸው፣ ይበልጥ ሳቁ። እኔም ብሆን ራሴን አላምንም ነበር።

ክብሪቱ ሲጫር ሰማሁት። በወዲያኛው ጫፍ ካርቶኑ ተያያዘ።

ክምሩ ላይ ወጥቼ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። ጥይቷ አናቴ ላይ ናት። ላምባው ቀሚሴን ነካው። ጋሽ ሰይፈሥላሴ ውረጂ አንቺ ልጅ እያሉ ይጮሃሉ፤ እኔ የፍራሹን ጫፍ ጨብጬ ይዣለሁ። ቀሚሴ ላይ ሸናሁ። ይህን ማንም እንዳያነብ።

ከዚያ ሰው ዞረ። አባባ በጋቢያቸው፣ ባዶ እግራቸውን፣ እማዬና አባዬ በግራና በቀኝ ይዘዋቸው መጡ። ድምጻቸው ስላልወጣ ሁሉም ዝም አለ።

«ልጅቷ እውነቷን ነው» አሉ። «ለጀላል አለቀ አልኩት። አላለቀም ነበር። አርባኛዋ ይቺውና።»

ማንም ምንም አልገባውም። ከጋሽ ሰይፈሥላሴ በስተቀር። ያን ታሪክ እድር ላይ ከአባባ ይበልጥ የተረኩት እሳቸው ናቸው። ከንፈራቸው ሲቆጥር አየሁት። ከዚያ ሰደርያቸውን አወለቁና እሳቱ ላይ ጣሉት፣ በእግራቸው ረገጡት፣ ውሃ ብለው ጮኹ። ወይዘሮ ብርቱካን ጄሪካናቸውን እያመጡ ደፉ። ስድስቱንም።

አባዬ አውርዶ አቀፈኝ። ላምባና ሽንት እየሸተትኩ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። ፈርመህ ነበር አልኩት።

አራት ሰዓት ላይ ወታደሮች መጥተው መንገዱን ዘጉ፣ ጥይቷን በአሸዋ ሳጥን ወሰዷት። አባዬንም ወሰዱት። አባባ እኔን ውሰዱኝ፣ የእኔ ናት ብለው እጃቸውን አገጣጥመው ዘረጉ። ወታደሩ «አባት፣ ቤትዎ ይግቡ፣ ይበርድዎታል» አላቸው። አባባ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

አባዬ ጣቢያ ነው። ምግብ ስናደርስ ሳህኑን ተቀበሉን፤ እሱን አላሳዩንም። እማዬ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ሁሉም «ባዶ» ባልኩት ቃል ነው። ያ አንድ ቃል ጥይቷን ሰፈሩ አናት ላይ ሰቀለ፣ ያው ቃል አባዬን አሳሰረ። በሩ ቀኑን ሙሉ ይላተማል። በተላተመ ቁጥር ቤቱ ሁሉ እስትንፋሱን ይይዛል።

እድርተኞች አባባን ሊጠይቁ አልመጡም። ፎቶ የተነሱት ልጆችም።

ዓርብ፣ ኅዳር 17

አባዬ ወጣ። ከሳ፣ ጢሙ አደገ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ወጣ።

ያስወጡት ጋሽ ሰይፈሥላሴ ናቸው። ለሦስት ቀን ጣቢያ ሲመላለሱ ከርመዋል፤ ለማንም አልተናገሩም። ቅጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የሰቀልኳት እኔ ነኝ፣ ሦስቴ የመታኋትም እኔ ነኝ፣ እሱ ከታሰረ እኔም ልታሰር ብለው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አልነሳም አሉ። አባዬ ይህን ሲነግረን ደብተሩን ከመጀመሪያው ገለጥኩና ስለ ቦርጫቸው የጻፍኩትን አየሁ። ልሰርዘው ብዬ ተውኩት። ቦርጩ እውነት ነው።

ማታ አባባን ሊጠይቁ መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስለ ጀልባዋ አላነሱም። ስለ መርፌው ጠየቁ፣ ማር አምጥተው ነበር።

አባዬ ሲወጣ ፖሊሱ ነግሮታል፦ ጥይቷን ነገ ከዓለም ባንክ ሰፈር ወዲያ ባለ የድንጋይ ካባ ውስጥ አፈንድተው ያመክኗታል፤ አራት ሰዓት ላይ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18

አባባ ከጠዋቱ ጀምረው ተነስተው ተቀምጠዋል። ትራሳቸውን ደግፌላቸዋለሁ። ሰዓት ጠየቁኝ። ሦስት ከሩብ። ሦስት ተኩል። መስኮቱን ክፈቺ አሉ፤ ከፈትኩ። ብርድ ነው አለች እማዬ። ማንም አልዘጋውም።

አርባኛዋ ሰማንያ አንድ ዓመት የበር ማቆሚያ ሆና ኖራ አልሠራም ብትልስ ብዬ አሰብኩ። ባትሠራ ደስ ይለኛል ወይስ አይለኝም? አላውቅም። ወደ አባባ ፊት አየሁ። እንደዚያ የፈራ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ታክሲው ውስጥም፣ ክምሩ ላይም።

አራት ሰዓት ከአምስት ላይ መጣ። ከምዕራብ፣ ከምድር ውስጥ የወጣ የሚመስል፣ አንድ ጊዜ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ውሾቹ ሁሉ ጮኹ። ውጭ ሰው መሮጥ ጀመረ፤ ገቡ፣ ደረሱ የሚል ድምጽ ሰማሁ፣ የኪዮስኩ ቆርቆሮ ሲዘጋ፣ ልጅ ሲያለቅስ። ከዚያ የጋሽ ሰይፈሥላሴ ፊሽካ፤ የእኛ ናት፣ የእኛ ናት፣ አትሩጡ እያሉ።

አባባ ጣታቸውን አንስተው ነበር።

«አርባ» አሉ።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትንሽ ቆይተው ማንኮራፋት ጀመሩ። ንፋሱ በመስኮቱ ገብቶ በሩን ሲገፋው ሰማሁ፤ እንዳይላተም በእግሬ ያዝኩት። እስኪነቁ ድረስ እንደዚያው ቆምኩ።